ማሽኑ የሚያስገባው ከዋጋው ለምን ይበልጣል?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። የኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ‹ደሞዝ የጉልበት ዋጋ ነው፣ ወለድ ደግሞ የካፒታል ምርታማነት ዋጋ ነው› ተባልን። አልገባኝም። አንድ ማሽን በዕድሜው ሙሉ 10,000 ብር የሚያስገባ ከሆነ ገዢዎች እየተሻሙ ዋጋውን ለምን 10,000 አያደርሱትም? ከደረሰስ ወለድ ከየት ይመጣል? ቦም-ባቨርክ የሚባል ሰው ይህን ጠይቋል ሲባል ሰምቻለሁ። መልሱ ምን ነበር? ዛሬስ ተቀባይነት አለው? አስተማሪያችን ተሳስተዋል ማለት ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክን ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ብዙ ተማሪ ቀመሩን ሸምድዶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ይህችን ነገር አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ ይመረቃል።

አጭሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። ምርታማነት ብቻውን ወለድን አያስረዳም። አንድ ማሽን ብዙ ማምረቱ ማሽኑን ውድ ያደርገዋል፣ በቃ። በዋጋውና በሚያስገባው መካከል ክፍተት የሚፈጥረው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ጊዜ ነው። ጊዜ ለምን ዋጋ እንደሚኖረው ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ከ100 ዓመት በላይ ተከራክረውበታል፤ ክርክሩ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ስለዚህ መልሴ ረዘም ይላልና ታገሺኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በራስሽ ቁጥር እንጀምር። ማሽኑ በየዓመቱ 1,000 ብር ለ10 ዓመት ያስገባል እንበል፤ ጥገናውና ሌላው ወጪ ሁሉ ተቀንሶ ማለት ነው። ድምሩ 10,000 ይሆናል። በ10,000 ብር የገዛው ሰው በ10 ዓመት ውስጥ ያወጣውን ብቻ ይመልሳል። በገበያ ላይ ግን ማሽኑ ለምሳሌ በ6,145 ብር ይሸጣል። ይህን ቁጥር ዝም ብዬ አላመጣሁትም፤ የወለድ ምጣኔው 10 በመቶ ሲሆን የሚወጣው ዋጋ ነው። ምጣኔው 5 በመቶ ቢሆን ያው ማሽን 7,722 ብር ያወጣ ነበር። ዜሮ ቢሆን ደግሞ፣ አንቺ እንዳልሽው፣ 10,000።

በሦስቱም ላይ ማሽኑ አልተለወጠም። አንዲት ብሎን አልተጨመረለትም፤ የሚያመርተውም ያው ነው። እንግዲህ «ወለድ የሚመጣው ማሽኑ ስለሚያመርት ነው» የሚል ሰው፣ አንድ ማሽን ይዘን ሦስት ዓይነት ወለድ እንዴት እንዳገኘን አልነገረንም። ማሽኑ እጥፍ ማምረት ቢጀምር እንኳ ዋጋውም እጥፍ ሆኖ ወለዱ በነበረበት ሊቆም ይችላል። ጥያቄሽ የነካው ይህንን ነው።

ኦይገን ፎን ቦም-ባቨርክም የጀመረው ከዚሁ ነው። በ1851 ብሩን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ዛሬ ብርኖ የምትባለው የቼክ ከተማ ናት። ቪየና ሕግ ተማረ፣ ኢንስብሩክ አስተማረ፣ ሦስት ጊዜ የኦስትሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ኦስትሪያ ወደ ዩሮ ከመግባቷ በፊት በ1984 ባወጣችው የ100 ሺሊንግ ኖት ላይ ያለው ምስል የእሱ ነው። በ1884 የካፒታልና የወለድ ሥራውን የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ቅጽ ነው፤ ምክንያቱም የራሱን መልስ ሳይሰጥ፣ ከእሱ በፊት የነበሩትን መልሶች ሁሉ አሰልፎ አንድ በአንድ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይፈትናቸዋል። ውድድር ባለበት ይህ ክፍተት ለምን አይጠፋም? ብዙዎቹ ይወድቃሉ። የራሱ መልስ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1889 ነው።

ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንዲገባሽ አንዱን ብቻ ላሳይሽ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ቱርጎ እንዲህ ይል ነበር፦ ገንዘብ ያለው ሰው ሁልጊዜ መሬት መግዛት ይችላል፤ መሬት በየዓመቱ ኪራይ ይሰጣል፤ ስለዚህ ወለድ ካልተከፈለው ለምን ያበድራል? መሬት ይገዛል እንጂ። ሲሰሙት አሳማኝ ነው። ቦም-ባቨርክ ግን ቆይ አለ። በየዓመቱ 1,000 ብር የሚያስገባ መሬት፣ ያውም ለዘላለም የሚያስገባ፣ በ20,000 ብር ለምን ይሸጣል? ለሚቀጥሉት 100 ዓመታት ብቻ ብትደምሪው 100,000 ነው። ለዘላለም ከሆነማ ድምሩ ማለቂያ የለውም። መሬቱ በ20,000 የሚሸጠው የሩቁ ዓመት 1,000 ብር ከዘንድሮው 1,000 ብር በጣም አንሶ ስለሚቆጠር ነው፤ ይህ አሳንሶ መቁጠር ደግሞ ራሱ ወለድ ነው። ቱርጎ ወለድን በመሬት ዋጋ አስረዳ፤ የመሬት ዋጋ ግን አስቀድሞ በውስጡ ወለድን ይዟል። ክብ ሠርቶ ተመልሶ መጣ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ዛሬም ሳስተምረው ደስ ይለኛል።

ነገሩ ከቱርጎም በጣም ይቀድማል። አሪስቶትል በ«ፖለቲካ» የመጀመሪያ መጽሐፉ ወለድን አጥብቆ ያወግዛል፤ ገንዘብ የተሠራው ለመለዋወጫ ነው እንጂ እንዲራባ አይደለም ይላል። በግሪክ ወለድ ቶኮስ ይባላል፣ ልጅ ወይም የተወለደ ማለት ነው። የእኛን ቃል ተመልከቺ፤ ወለድ። ያው የመውለድ ምስል ነው። በአማርኛ ስናወራ ገና ከቃሉ ገንዘብ ይወልዳል ብለን እንጀምራለን፤ «እንዴት ይወልዳል?» ብሎ መጠየቅ የሚከብደን አንዳንዴ ለዚህ ይመስለኛል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ከላቲን ኢንተሬሴ ነው የመጣው፣ ትርጉሙም በመካከል ያለ ልዩነት ነው። በመካከለኛው ዘመን ሕግ ብድሩ በጊዜው ባለመመለሱ አበዳሪው የደረሰበት ጉዳት፣ ማለትም ባለበትና ሊሆን ይችል በነበረው መካከል ያለው ልዩነት፣ በዚህ ቃል ይጠራ ነበር። አራጣ ኃጢአት ሆኖ ሳለ ይህ ካሳ ግን ይፈቀድ ነበር።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ያቀረበው ክርክር ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቤት ሳከራይሽ ትኖሪበታለሽ፤ ቤቱ ግን የእኔ ሆኖ ይቆያል። ወይን ጠጅ ሳበድርሽ ግን መጠቀም ማለት መጠጣት ነው፣ ከዚያ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ የወይኑን ልክ ከመለስሽልኝ በኋላ «ለተጠቀምሽበትም ክፈይ» ብልሽ አንዱን ነገር ሁለቴ መሸጤ ነው። ገንዘብም እንደ ወይኑ ነው አለ። ቦም-ባቨርክ ለዚህ የሚሰጠው መልስ የንድፈ ሐሳቡ ሁሉ መሠረት ነው። ዛሬ የተሰጠው ወይንና ከዓመት በኋላ የሚመለሰው ወይን አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም። ቀለማቸውም ጣዕማቸውም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ቀናቸው ግን ይለያያል። ብድር ማለት የዛሬን ዕቃ በነገ ዕቃ መለወጥ ነው፤ ወለዱም በዚህ ልውውጥ ላይ የሚጨመር ምርቃት ነው።

እሺ፣ የዛሬው ዕቃ ከነገው ለምን ይበልጣል? ሦስት ምክንያት ሰጠ።

አንደኛው፣ ብዙ ሰው ዛሬ ካለው ይልቅ ነገ የተሻለ አገኛለሁ ብሎ ያስባል፤ ወይም ዛሬ ክፉኛ ተቸግሯል። ገና ሥራ የሚጀምር ምሩቅ አስቢ። ለእሱ የዛሬዋ 100 ብር ከአምስት ዓመት በኋላ ከሚያገኛት 100 ብር ትበልጥበታለች። ነገ የሚከፋበት ሰውስ? ለምሳሌ ጡረታው የደረሰ? እሱ ቢያንስ የዛሬውን አስቀምጦ ለነገ ማድረግ ይችላል፣ ጥሬ ገንዘብ አይበላሽምና። የነገውን ግን ማንም ወደ ዛሬ ሊስበው አይችልም።

ሁለተኛው የሰው ጠባይ ነው። ነገን አሳንሰን እናያለን። የወደፊት ችግራችን አጥርቶ አይታየንም፣ ፈቃዳችን ደካማ ነው፣ ዕድሜያችንም አጭርና የማይታወቅ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ራስሽን ታውቂያለሽ፣ እኔም ራሴን አውቃለሁ።

ሦስተኛው እሱ ራሱ ከሁሉ የሚወደው ነው፣ ከሁሉ በላይ የተመታበትም እሱ ነው። የዛሬ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ረዥሙን መንገድ መሄድ ይችላል። የራሱ ምሳሌ የምንጭ ውኃ ነው። ምንጩ ከቤትሽ ራቅ ይላል። በጠማሽ ቁጥር ሄደሽ በእፍኝሽ መጠጣት ትችያለሽ፤ ቶሎ ያረካል፣ ግን ስትመላለሺ መዋልሽ ነው። አንድ ቀን ሠርተሽ ከእንጨት ባልዲ ቦርቡረሽ ብታወጪ የቀኑን ውኃ በአንድ ጊዜ ታመጫለሽ። ከዚያም አልፈሽ ግንድ እየቦረቦርሽ ከምንጩ እስከ ደጅሽ ቦይ ብትዘረጊ ውኃው ራሱ ይመጣል። ዙሪያ ጥምጥም የሆነው መንገድ በስተመጨረሻ ብዙ ይሰጣል። ቦዩን እስክትጨርሺ ግን የምትበይው ያስፈልግሻል። ያን ስንቅ የያዘ ሰው መንገዱን ያስረዝማል፤ ያልያዘ በእፍኙ እየጠጣ ይቀራል። ካፒታል በቦም-ባቨርክ ዓይን ይህ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ፣ ገና ያልበሰለ ዕቃ።

የአንቺ ማሽን ዋጋ ለምን 10,000 እንዳልደረሰ አሁን ይታይሻል ብዬ አምናለሁ። ማሽን ማለት በየቀጠሮው የሚደርሱ የነገ 1,000 ብሮች ጥቅል ነው። ገዢዎች ይሻማሉ፣ ልክ ነሽ። ግን የሚሻሙት የዛሬ ብር ይዘው ነው፤ በዛሬ ብር ደግሞ ብዙ ሌላ ነገር ማድረግ ይቻላል፣ መብላትም ጭምር። ሽሚያው የሚቆመው ማሽኑን መግዛትና ሌላው አማራጭ እኩል ሲሆኑ ነው፣ እሱም ከ10,000 በታች ነው። ውድድሩ ሥራውን ሠርቷል። ክፍተቱ የቀረው ውድድሩ ስለከሸፈ አይደለም።

እዚህ ላይ ማርክስን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም፤ ትርፍና ወለድ ለሠራተኛው ያልተከፈለ ድካም ነው ይል ነበርና ያን ዘመን ጥያቄው በጣም ትኩስ ነበር። እንግሊዛዊው ናሶ ሲኒየር በ1836 ወለድ የባለሀብቱ የመታቀብ ዋጋ ነው ብሎ ነበር፤ ሀብቱን ሊበላው ሲችል ታቅቧልና። በ1864 የጀርመኑ ሶሻሊስት ፈርዲናንድ ላሳል በዚህ አባባል ተሳለቀ፤ የአውሮፓ ሚሊየነሮች እንደ መናኝ ሊቆጠሩ ነው ወይ አለ። እውነቱን ነበር፤ የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብ ላይ የሥነ ምግባር ውዳሴ መለጠፍ መጥፎ ልማድ ነው። በኋላ አልፍሬድ ማርሻል «መታቀብ» የሚለውን ቃል ትቶ «መጠበቅ» የሚለውን የመረጠው ይህን ሸክም ለማራገፍ ነው።

ቦም-ባቨርክ ለማርክስ ወገን የሚለውን በራሴ ምሳሌ ልንገርሽ። አንድ ሠራተኛ ዛሬ ባሕር ዛፍ ይተክላል። ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉ በ1,000 ብር ይሸጣል። ሠራተኛው የድካሙን ሙሉ ፍሬ ይውሰድ ብንል፣ ሙሉ ፍሬው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚገኝ 1,000 ብር ነው። ዛሬውኑ 1,000 ስጡኝ ካለ ግን ድካሙ ካፈራው በላይ ጠየቀ፤ ምጣኔው 10 በመቶ ከሆነ የዚያ 1,000 የዛሬ ዋጋ 621 ብር ነው። ልዩነቱን ማንም አልሰረቀውም፣ የጊዜ ልዩነት ነው ይላል። በ1896 ደግሞ የማርክስ «ካፒታል» ሦስተኛ ቅጽ ከወጣ በኋላ ሰፊ ትችት ጻፈ፤ የማርክስ ተከታይ የሆነው ሂልፈርዲንግ በ1904 መለሰለት። የሚያስገርመው፣ ቦም-ባቨርክ ሚኒስትርነቱን ትቶ ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ በሴሚናሩ የነፃ ገበያው ጠበቃ ሚዘስና ሹምፔተር፣ ማርክሳውያኑ ኦቶ ባወርና ሂልፈርዲንግ አብረው ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። እንዲያ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን በተቀመጥኩ እላለሁ።

የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ፣ የባሕር ዛፉ ክርክር መጠበቅ ለምን ዋጋ እንዳለው በደንብ ያስረዳል። ሠራተኛው ለምን መጠበቅ እንዳልቻለ ግን አይናገርም። መጠበቅ ያልቻለው ባዶ እጁን ስለሆነ ነው፤ ባዶ እጁን የሆነው ደግሞ ለምንድን ነው? ይህ የታሪክና የሀብት ክፍፍል ጥያቄ ነው። ቦም-ባቨርክ ራሱ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ለይቷል፦ ወለድ ለምን ይኖራል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ ወለድ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ። ተከታዮቹም ተቺዎቹም ይህን መስመር እየረሱ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። የእኛ አገር የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ በብድር ውል ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ሲከለክል ሁለተኛውን ጥያቄ ነው የመለሰው፤ ስለ አንደኛው የሚለው ነገር የለም። አንቺም ስትጽፊ እንዳትቀላቅያቸው አደራ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ኧርቪንግ ፊሸር ነው። በ1930 ያሳተመውን የወለድ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉን መታሰቢያ ያደረገው ለሁለት ሰዎች ነው፦ ለቦም-ባቨርክና ለጆን ሬ። ሬ በ1834 ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ለረዥም ጊዜ ሰሚ ያላገኘ ስኮትላንዳዊ ነው። ፊሸር የቦም-ባቨርክን ሦስተኛ ምክንያት ብቻውን አይቆምም አለ። ረዥሙ መንገድ ብዙ ስለሰጠ ብቻ የዛሬው ዕቃ አይበልጥም፤ ሰው ለመጠበቅ ደንታ ባይኖረው ሁሉም መንገዱን እያስረዘመ ይሄድና ጥቅሙ ያልቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስፈልጋል፤ በአንድ በኩል ገቢን ቶሎ ለመብላት የመቸኮል ጠባይ፣ በሌላ በኩል ገቢን አውጥቶ የበለጠ የማግኘት ዕድል። የወለድ ምጣኔ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። መቀስ በሁለት ስለቱ ነው የሚቆርጠው፤ የትኛው ስለት ቆረጠ ብሎ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም።

የእሱ ምሳሌ ከአእምሮ አይጠፋም። መርከባቸው የተሰበረ መርከበኞች ደሴት ላይ ወጡ እንበል። ያላቸው የማይበላሽ ደረቅ ብስኩት ብቻ ነው፤ ሌላ የሚያገኙት የለም። እዚያ ወለድ ዜሮ ይሆናል። 100 ብስኩት ላበድርሽና 110 መልሺ ብልሽ ማን ይቀበለኛል? ማንም ቸኩሎ ዛሬ በበላ ቁጥር ነገ ይጎድልበታል፤ የነገ ረሃብ እየታየው ሲሄድ መቸኮሉን ራሱ ይተዋል። ብስኩቱ ቀርቶ የሚበሰብስ በለስ ቢሆንስ? ወለዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ 100 በለስ አስቀምጬ ግማሹ ከሚሻግትብኝ፣ ለሌላ ሰጥቼ ነገ ከ100 በታች ትኩስ በለስ ብቀበል ይሻለኛል። በበለሱ ፈንታ የሚዋለዱ በጎች ቢኖሯቸው ደግሞ ወለዱ በጎቹ በሚበዙበት ልክ ይሆናል። ሰዎቹ አልተለወጡም፣ ጠባያቸው ያው ነው። የተለወጠው በጊዜ ውስጥ ሀብትን የማሻገር ዕድላቸው ነው። አስተማሪያችሁ «የካፒታል ምርታማነት» ሲሉ በጎቹን ማለታቸው ነው፤ በጎቹ ግን አንዱ ስለት ናቸው።

(ስለ ባንክ ወለድ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ስለሚያምታታው። እስካሁን የማወራው ስለ ብር ሳይሆን ስለ ዕቃ ወለድ ነው። ስዊድናዊው ኢኮኖሚስት ዊክሴል በ1898 ባንኮች የሚያስከፍሉት ምጣኔ ከዚህኛው ሊለይ እንደሚችልና በዚያ ጊዜ የዋጋ ንረት ወይም መውረድ እንደሚከተል አሳይቷል። እንግሊዛዊው ኬንስ በ1936 ወለድ ጥሬ ገንዘብን ከእጅ የመልቀቅ ዋጋ ነው አለ። የእነሱ ለብቻው ሌላ ቀን ይፈልጋል።)

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። «የካፒታል ምርታማነት» የሚለው ሐረግ ውስጥ ሌላም ችግር አለ፣ ይህኛው ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው። ካፒታልን በምን ትለኪዋለሽ? ጉልበት በሰዓት ይለካል፣ መሬት በሄክታር። አንድ ትራክተር፣ ሦስት ወፍጮና አንድ መጋዘን ሲደመሩ ስንት ካፒታል ናቸው? በብር ነው የምትደምሪያቸው። ብሩ ግን፣ በራስሽ ማሽን እንዳየነው፣ ወለዱ 5 በመቶ ሲሆን 7,722፣ 10 በመቶ ሲሆን 6,145 ነው። የካፒታልን መጠን ለማወቅ ወለዱን ማወቅ አለብሽ። ከዚያ ደግሞ ወለዱን በካፒታል መጠን ልታስረጂ ነው። የቱርጎ ክብ ተመልሶ መጣ።

ይህን በኃይል ያነሳችው የካምብሪጇ ጆአን ሮቢንሰን ናት፣ በ1953። ተማሪው «ምርት የጉልበትና የካፒታል ውጤት ነው» የሚል ቀመር ይሰጠዋል፤ ካፒታሉ በምን እንደሚለካ መጠየቁን ይረሳል በሚል ተስፋ በፍጥነት ወደ ሚቀጥለው ርዕስ ያሳልፉታል፤ እሱም ሳይጠይቅ ፕሮፌሰር ይሆናል አለች። ቀድሞ አሜሪካዊው ጆን ቤትስ ክላርክ ካፒታል ማለት ዕቃው ሳይሆን በዕቃው ውስጥ የሚኖር ዘላቂ ፈንድ ነው ብሎ ሊያመልጥ ሞክሮ ነበር፤ ዛፍ እየተቆረጠ እየተተከለ እንደሚኖር ደን። ቦም-ባቨርክ ተረት ነው አለው። ቦም-ባቨርክ ራሱ ደግሞ ብር ሳይጠቀም ለመለካት አማካይ የማምረቻ ጊዜ የሚል ስሌት አበጀ፦ እያንዳንዱ የጉልበት ቀን ምርቱ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ጠበቀ? ወለድ ሲረክስ ሰዎች ወደ ረዥሙ መንገድ ይሄዳሉ፣ ሲወደድ ወደ አጭሩ ይመለሳሉ። ያምራል አይደል? ችግሩ ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑ ነው።

በ1966 አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ፖል ሳሙኤልሰን ያቀረበው ምሳሌ ይኸውልሽ፣ እርሳስ አንሺ። አንድን ዕቃ ለማምረት ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው መንገድ ዕቃው ከመድረሱ ሁለት ዓመት በፊት 7 የጉልበት ቀን ይወጣል፣ ሌላ የለም። በሁለተኛው ሦስት ዓመት ቀድሞ 2 ቀን፣ ከዚያ አንድ ዓመት ሲቀረው 6 ቀን ይወጣል። አማካይ ጊዜው ለመጀመሪያው 2 ዓመት ነው፣ ለሁለተኛው 1.5። ስለዚህ በቦም-ባቨርክ መለኪያ የመጀመሪያው ረዥሙ መንገድ ነው፤ ወለድ ሲረክስ መመረጥ፣ ወለድ ሲወደድ መተው ነበረበት።

እያንዳንዱ የጉልበት ቀን በጠበቀበት ዓመት ልክ ወለድ እየጨመርሽበት አስዪው። ወለድ ዜሮ ሲሆን የመጀመሪያው 7፣ ሁለተኛው 8፤ የመጀመሪያው ይረክሳል። እስካሁን ደህና። ወለድ 50 በመቶ ሲሆን ሁለቱም 15.75፣ እኩል ናቸው። ከዚያ በላይ ሁለተኛው እየረከሰ ይሄዳል፤ ቦም-ባቨርክ እንዳለው ሆነ። 100 በመቶ ላይ ግን ሁለቱም 28 ሆነው እንደገና ይገናኛሉ። ከ100 በላይስ? ተጥሎ የነበረው የመጀመሪያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል! አንድ ቴክኒክ በርካሽ ወለድም በውድ ወለድም አዋጭ ሆነ፣ መሐል ላይ ብቻ ተተወ። ታዲያ የትኛው ነው «ብዙ ካፒታል የሚወስደው»? መልስ የለውም። ለአንዱ ወለድ የምትሰጪው መልስ ለሌላው አይሆንም።

ምጣኔዎቹ የተጋነኑ መሆናቸው አያሳስብሽ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ ተመረጡ እንጂ በሌላ ቁጥር በዝቅተኛ ምጣኔም ይደርሳል። ታሪኩ ደግሞ ክብር የሚገባው ነው። በ1965 ዴቪድ ሌቭሃሪ የሚባል የሳሙኤልሰን ተማሪ ይህ በሙሉ ኢኮኖሚ ደረጃ ሊሆን አይችልም የሚል ማስረጃ አሳተመ። ሉዊጂ ፓሲኔቲ ስህተቱን አሳየ። ሌቭሃሪና ሳሙኤልሰን አንድ ላይ ሆነው ማስረጃው ሐሰት ነው ብለው በጽሑፍ አመኑ። በሙያችን እንዲህ ያለ ግልጽ ማመን ብዙ አላየሁም፤ ለሳሙኤልሰን ያለኝ አክብሮት በዚህ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እንግዲህ ወደ መጨረሻ ጥያቄዎችሽ። የቦም-ባቨርክ መልስ ዛሬ ተቀባይነት አለው ወይ? ጥያቄው በሕይወት አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምክንያቶች በፊሸር በኩል አልፈው እያንዳንዱ የማክሮ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አሉ። ሦስተኛው መልኩን ቀይሮ ገቢን አውጥቶ የበለጠ የማግኘት ዕድል ሆኗል። አማካይ የማምረቻ ጊዜው ግን ሞቷል፣ የገደሉትም የራሱ ተቺዎች ብቻ አይደሉም፣ ስሌቱ ራሱ ነው። ካፒታልን በአንድ ቁጥር ደምሮ ቀመር ውስጥ ማስገባቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ለሥራ ስለሚመች እንጂ ችግሩ ስለተፈታ አይደለም፣ ይህን ደግሞ ለተማሪ መንገር ግዴታችን ይመስለኛል።

አስተማሪሽ ተሳስተዋል አልልም። ገበያው ሲረጋጋ የካፒታል የመጨረሻዋ ጭማሪ የምታስገኘው ከወለዱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ይህ ትክክል ነው። ግን እኩል መሆን ምክንያት መሆን አይደለም። ሁለቱም አንድ ላይ፣ ከሰዎች መቸኮልና ካላቸው ዕድል፣ ይወሰናሉ። ፈተና ላይ የተማርሽውን ጻፊ፣ ከሥሩ ግን ማሽኑ ሳይለወጥ ዋጋው ከወለዱ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ አንድ አንቀጽ ጨምሪ፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ እጅሽን አውጥተሽ ካፒታሉ በምን እንደሚለካ ጠይቂያቸው።

የሳሙኤልሰንን ስሌት ደግሞ በ75 እና በ150 በመቶ ራስሽ ሞክሪው። በ75 በመቶ የመጀመሪያው መንገድ 21.44፣ ሁለተኛው 21.22፤ በ150 በመቶ የመጀመሪያው 43.75፣ ሁለተኛው 46.25 ከመጣልሽ ልክ ነሽ። ካልመጣልሽ የሠራሽውን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።